ጁክ ቦክሱ ሸክላውን በዝግታ ያዞራል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን ልክ ነው ይላል

ባለ ጁክ ቦክስ

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲመለሱ በኮንቴነር ያመጡትን፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሮክ-ኦላ ጁክ ቦክስ (የተመረጠለትን ሸክላ በራሱ አንሥቶ የሚያጫውት ማሽን) አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን ለማስነሳት እየሞከርኩ ነው። ከኋላው ያለው ሰሌዳ 117 ቮልት፣ 60 ሳይክል ይላል። ከ220 ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሳገናኘው መብራቶቹ በሩ፣ የመረጥኩትንም ሸክላ አንሥቶ አጫወተ። ችግሩ ዘፈኑ ሁሉ መጎተቱና ድምፁም መወፈሩ ነው። ሞተሩን ዘይት አጠጣሁት፣ ጎማውንም ጠረግሁት፤ ለውጥ የለም። ግራ ያጋባኝ ደግሞ አጎቴ አብረው ያመጡት የስትሮብ ዲስክ ነው፤ ማለትም በመብራት ሥር ሲዞር መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ መሆኑን የሚያሳየው ክብ ወረቀት። እሱን ሳስቀምጥበት የ45 ዙር መስመሮች የቆሙ ያህል ይታያሉ። መለኪያው ልክ ነው እያለ ጆሮዬ ልክ አይደለም የሚለው ለምንድን ነው? በተጨማሪም ሸክላውን የሚያነሣው ክንድ አንዳንዴ መንገድ ላይ ያመነታል።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ሁለቱም ዕቃዎች የተሠሩት ለአሜሪካ መብራት ስለሆነ ነው። የአሜሪካ መስመር 60 ሄርዝ (ሰሌዳው ላይ «ሳይክል» የተባለው፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ድግግሞሽ) ሲሆን የእኛ 50 ሄርዝ ነው። የገዙት ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ድግግሞሹን አይነካም፤ የማዞሪያው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስደው ከቮልቱ ሳይሆን ከድግግሞሹ ስለሆነ፣ እዚያ ስድስት ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ ውስጥ እዚህ አምስት ጊዜ ብቻ ይዞራል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ ወደ 37 ተኩል ይወርዳል፤ የዜማው ከፍታም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል፤ ይህም የብዙነሽ በቀለን ድምፅ የወንድ ለማስመሰል ይበቃል።

የዲስኩም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ለ60 ሄርዝ የታተመ ዲስክ ለ45 ዙር 160 መስመሮች አሉት። የእኛ መብራት በሄርዙ እጥፍ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ 160 መስመሮች በደቂቃ 37 ተኩል ጊዜ ሲዞሩም በሰከንድ በትክክል 100 መስመር ያልፋል። ስለዚህ ዲስኩ የቆመ የሚመስለው ሸክላው በተሳሳተው ፍጥነት ሲዞር ነው። ለእኛ መብራት የሚሆነው 133 መስመሮች ያሉት ነው፤ ከዚያ የሚቀለው ግን ሸክላው ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጥፎ ሰዓት እያዩ መቁጠር ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ወይም ሞተር በ50 ሄርዝ ሲሠራ ከልኩ በላይ ኃይል ይስባል፣ ይግላልም። በስሌት ካየነው የ117 ቮልት በ60 ሄርዝ አቻው በ50 ሄርዝ 97 ቮልት ተኩል ገደማ ነው። የገዙትን ትራንስፎርመር መውጫ በቴስተር ይለኩት፤ ከ110 በላይ ከሆነ ለረጅም ሰዓት አያጫውቱበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ መፍትሔው ልለፍ። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የሞተሩ ዘንግ የጎማ መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩም ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ጠርዝ ይነዳል። በዚህ አሠራር ፍጥነቱን የሚወስነው የዘንጉ ውፍረት እንጂ የጎማው መጠን ስላልሆነ፣ ዘንጉን በ1.2 እጥፍ ማወፈር የጠፋውን ፍጥነት ይመልሳል። ፋብሪካዎቹም ወደ ውጭ ለሚልኳቸው መሣሪያዎች ዘንጉ ላይ የሚጠለቅ የ50 ሳይክል ቀለበት ያዘጋጁ ነበር፤ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ማግኘት ይቻላል። ካልተገኘ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ቶርኖ ቤት አይጠፋም። ጎማው የሚነካውን ቦታ በካሊፐር ይለኩ፤ ለምሳሌ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጫዊ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የነሐስ ቀለበት ያሠሩ። ቀለበቱ መሀሉን በጥቂቱ እንኳ ከሳተ ድምፁ እየተወዛወዘ ይወጣልና ለቶርኖው ባለሙያ ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

ክንዱ የሚያመነታው የድሮው ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ስለያዘው ሳይሆን አይቀርም። በላዩ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። ጥርሶቹን ፈትቶ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በስሱ አዲስ ግራሶ መቀባት ነው። ጎማውን ግን ነጭ ጋዝ እንዳይነካው፤ እሱ በአልኮል ብቻ ይጠረጋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ መሣሪያው ከመስመር የተነቀለ መሆን አለበት።

የድምፅ ባለሙያ

በሐሳቡ ባልቃወምም፣ ዘንጉን ከመንካት በፊት ሌላ መንገድ አለ ባይ ነኝ። ከ12 ቮልት ባትሪ 110 ቮልት በ60 ሄርዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ይግዙ። ፍጥነቱም ሙቀቱም በአንድ ጊዜ ይስተካከላሉ፤ መብራት ሲጠፋም ዘፈኑ አይቋረጥም፤ መሣሪያውም እንደተሠራ ይቆያል። ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ) የሚሰጥ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ ርካሾቹ ሞተሩን ያስጮኹታል፣ ያግሉታልም። ሞተሮች ሲነሡ ለአፍታ ብዙ ስለሚስቡ ከ1000 ዋት በታች ባይገዙ ይመረጣል።

ባለ ጁክ ቦክስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀት ለጥፌ ስቆጥር ከ37 ትንሽ አለፈ። ከጎረቤት ኢንቨርተር ተውሼ ስሞክረው ዘፈኑ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ቀለበቱን ቶርኖ ቤት እስካሠራ ድረስ በዚሁ እቀጥላለሁ። አሁን አባቴ ያስቀመጧቸውን የድሮ የአማርኛ ሸክላዎች ልጭንበት ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ

እባክዎ መርፌው ሳይቀየር እንዳይጭኗቸው። የጁክ ቦክስ ክንድ ከቤት ማጫወቻ ይልቅ ይከብዳል፤ ያለቀ መርፌ ደግሞ የሸክላውን መስመር ይፍቀዋል። አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ የሚፈልጓቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቁ መመለሻ የላቸውም። የመሀል ቀዳዳቸውንም ይመልከቱ፤ የአሜሪካ ጁክ ቦክስ የሚይዘው 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ቀዳዳ ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ያላቸው አይገቡበትም። እነሱን ለመብሳት ከመሞከር በቤት ማጫወቻ ማዳመጥ ይሻላል። ለሙከራ ቢበላሽ የማይቆጭ የውጭ ሸክላ ይጠቀሙ፤ መርፌውንም ሲያዝዙ የካርትሪጁን (መርፌውን የሚይዘውን ክፍል) ቁጥር ከጀርባው አንብበው ይላኩ።