ጽጌረዳ በጎጃም፦ ችግኙን ከየት፣ ብሩን በምን ላይ?

ክረምቱ ሲወጣ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጽጌረዳዬ ቅጠሉ ጠቆረና ረገፈ፣ ምን ልግዛለት?» መልሴ አጭር ነው። መጀመሪያ መቀስ ግዙ። መድኃኒቱ ይቆይ።

ችግኝ ከመንገድ ዳር ስትገዙ አበባው አያታላችሁ። ፕላስቲኩን አንስታችሁ ከሥሩ እዩት። ወፍራም ሥር በቀዳዳው ወጥቶ ከተጠቀለለ ብዙ ቆይቷልና ተዉት። ግንዱ ላይ እብጠት ካለ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ነው። ከእብጠቱ በታች የሚወጣውን ዘንግ ቶሎ ገንጥላችሁ ጣሉት። ዝም ካላችሁት ዋናውን ይውጠዋል፤ ቀይ ብላችሁ የገዛችሁት ሌላ አበባ ይዞ ብቅ ይላል።

ለኔ ግን የጎረቤት ዘንግ ከሁሉም ይበልጣል። ነጻ ነው፣ አየሩንም ለምዶታል። «እማማ፣ ሲገርዙ አንድ ሁለት ዘንግ ያስቀምጡልኝ» ማለት ብቻ ነው። ሰኔ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ አብዛኛውን ክፍል አፈር ውስጥ ቅበሩት። ከአበባ መሸጫ እቅፍ ላይ ቆርጦ መትከል ግን አልመክርም። አብዛኛው ለግሪንሃውስ የተመረጠ ዝርያ ነው፣ ሜዳ ላይ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል።

አጥር ለምትፈልጉ ቀጋ አለ። የኛው አገር በቀል ጽጌረዳ ነው። አበባው ነጭና ነጠላ ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ የደጋ ብርድም አይበግረውም።

አሁን ወደ መቀሱ። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ ስለቱ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፍ ነው፤ ለደረቅ እንጨት ይሁን እንጂ እርጥቡን ዘንግ ይጨፈልቃል። ሁለቱ ስለቶች እንደ ጨርቅ መቀስ የሚተላለፉትን ምረጡ። ወደ ውጭ ከዞረ ቡቃያ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ሰያፍ ቁረጡ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ ስለቱን በፋርማሲ አልኮል ጥረጉ። አረቄውን ለእንግዳ ተዉት።

ከበድ ያለውን መግረዝ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ያዙት። ለጥምቀት አበባ የምትፈልጉ ግን ወደኋላ ቁጠሩ። ከመግረዝ እስከ ማበብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ባሕር ዳር ላይ ኅዳር አጋማሽ ጥሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ብርዱ ስለሚያዘገየው አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም በሉ። አትክልተኛ የምትቀጥሩም፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዘንግ ቆርጦ ያሳያችሁ። ማጭድ ይዞ እንደ አጥር ሊከረክመው ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት።

ማዳበሪያ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የበሰለ የከብት ፍግ ይበቃል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል። ዩሪያ ሲበዛ ቅጠሉ ይለሰልስና ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ይሰበሰብበታል። በበጋ ሥሩን በጭድ ሸፍኑ፣ ውሃውንም ጠዋት ከሥር አጠጡ። ቅጠል ላይ ያደረ ውሃ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለውን፣ ቅጠል አጥቁሮ የሚያረግፈውን በሽታ ያመጣል። መሬታችሁ መረሬ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉት፤ ውሃ የቋጠረ ሥር ይበሰብሳል።

መድኃኒት? ለክሽክሽ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጦ ከቅጠሉ ሥር መርጨት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለጥቁር ነጠብጣብ ከግብርና መድኃኒት መሸጫ ማንኮዜብ ይገኛል፤ ገበሬው ለድንች የሚገዛው ነው። ግን ከመያዙ በፊት የሚከላከል እንጂ የጠቆረውን ቅጠል አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ የረገፈውን ለቅማችሁ አቃጥሉ፣ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። የነፍሳት መርዝ ግን የፈካ አበባ ላይ ፈጽሞ አትርጩ። የጎጃም ሰው ነን፣ ከአጥሩ ወዲያ ቀፎ አይጠፋም።