ጠቅ እያለ ለማይነሳ መኪና፦ የመለኪያ፣ የማስነሻና የጥገና አማራጮች ንጽጽር

ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ብሎ የሚቀር፣ ሞተሩ ግን የማይዞር መኪና ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አዲስ ባትሪ ይገዛል። እኔም በአንድ ወቅት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ባትሪውን ቀይሬ ችግሩ በማግስቱ ተመለሰ፤ ቀጥሎ ያየልኝ መካኒክ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ አስቀየረኝ፤ በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ግን ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ወፍራም ገመድ መታሰሪያው ላይ መዛጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃም ሆነ ባለሙያ የምመርጠው ከመቀየሩ በፊት ለመለካት የሚረዳ መሆኑን አይቼ ነው።

አስቀድሞ ድምፁን መለየት ያስፈልጋል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚለው ፈጣንና ተደጋጋሚ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪን ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያን ያመለክታል፤ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ቁልፉ ሲዞር ተስቦ ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያሳልፈው ማግኔታዊ ማብሪያ) ሲሳብ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ይለቃል፣ ሲለቅ ቮልቴጁ ስለሚመለስ እንደገና ይሳባል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ የሚሰማ ድምፅ፣ በተለይም መብራቶቹ ሳይደበዝዙ ከቀሩ፣ ሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች መቃጠላቸውን ወይም የሞተሪኖው ካርቦን (ለሚሽከረከረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰው ተፋታጊ ቁራጭ) ማለቁን ያስጠረጥራል።

ከዕቃዎች ሁሉ ቀድሜ የምጠቁመው ቴስተር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚለካው መሣሪያ፣ ነው፤ ርካሹም ለዚህ ሥራ በቂ ነው። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ ሙሉ ኃይል ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቶታል፣ 12.0 ከሆነ ደግሞ ወደ ባዶነት ተቃርቧል። ሆኖም ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይጫንበት ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጎ በዚያው ቅጽበት መለካት ይገባል፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ኃይል አልቆበታል ወይም ተዳክሟል ማለት ነው። ቀጥሎ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጎ ቁልፉን እንደገና ማስዞር ነው፤ ንባቡ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ ገመዱ ወይም መታሰሪያው ላይ ነው። እኔ ሁለት ዕቃ ካስቀየርኩ በኋላ የደረስኩበትን ጥፋት ይህ መለኪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያሳየኝ ነበር።

መኪናን ከሌላ መኪና ለማስነሳት የሚያገለግል ገመድ የሚገዛ ሰው በፕላስቲኩ ውፍረት እንዳይታለል፤ ውስጡ መዳብ መሆኑንና ለትንሽ ቤንዚን ሞተር ቢያንስ 16፣ ለናፍጣ ሞተር ደግሞ ቢያንስ 25 ካሬ ሚሊሜትር መሆኑን ያረጋግጥ። ሲያያዝ ቀዩ በሁለቱም ፖዘቲቮች ላይ ይታሰራል፣ ጥቁሩ በጤናማው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ ከታሰረ በኋላ የመጨረሻው ጫፍ ከደከመው ባትሪ ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይያዛል፤ ባትሪው ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ብልጭታውን ማራቅ የግድ ነው። በእጅ የሚያዘው የሊቲየም ማስነሻ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከገመዱ ይሻላል፤ ነገር ግን በየጊዜው ካልተሞላ በሚፈለግበት ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ በሙቀትም መኪና ውስጥ መተው የለበትም። ሁለቱም መኪናውን ያስነሳሉ እንጂ ባትሪውን አይሞሉም፤ ለዚያ ቻርጀር ያስፈልጋል።

ወደ ባለሙያ ስንመጣ፣ ባትሪ ሻጩ ፈጣን ነው፣ ብዙዎቹም በሥራ ጫና መመርመሪያ መሣሪያ አላቸው፤ ጉድለቱ ምርመራው እዚያው በባትሪው ላይ ማብቃቱ ነው። ጠቅላላ ሥራ የሚሠራ መካኒክ ሞተሪኖውን መፍታትና መግጠም ይችላል፣ የገመድ ብልሽት ፍለጋ ላይ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። እኔ የማስቀድመው የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። በማንም ዘንድ ቢሆን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ በመንቀል ዲናሞውን (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ክፍል) «የሚፈትን» ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ በዚያ ቅጽበት የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዝለል የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ሞተሪኖው ራሱ ተበላሽቶ ከተገኘ፣ ካርቦኑንና የሶሌኖይዱን መገናኛ ብቻ ማስቀየር አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል፤ አካሉና በውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ጤናማ ከሆኑ ለዓመታት ይሠራል። ሽቦው ከተቃጠለ ግን አዲስ መግዛት ይሻላል። ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ ሞተሪኖ የምመርጠው ከመገጠሙ በፊት በባትሪ ተሞክሮ ሲዞር በዓይኔ ካየሁ ብቻ ነው።

ባትሪ የሚቀየር ከሆነ በቆመ ቁጥር ሞተሩን የሚያጠፋ መኪና በፋብሪካው የታዘዘለትን ዓይነት ባትሪ ይፈልጋል፤ ተራውን መግጠም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከጥገናው በኋላም ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ ያለው ቮልቴጅ በፊታችሁ እንዲለካ ጠይቁ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት መካከል መሆን አለበት፣ ከ13 በታች ከቀረ ዲናሞው ስለማይሞላ አዲሱም ባትሪ ብዙም ሳይቆይ ጠቅ ማለት ይጀምራል።