ስብሰባ ማቋረጥ ምክክርን ያፈርሳል ወይስ በሩን ያስከፍታል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ስለ ውሃ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ እንበል። አጀንዳው «የክፍያ አሰባሰብ» ብቻ ነው፤ ፈረቃው ከሰፈር ሰፈር ለምን እንደሚለያይ መጠየቂያ የለውም። ወጣቶች በጭብጨባ እናስቁመው ይላሉ፤ ሽማግሌዎች «ምክክር በጩኸት አይሆንም» ይላሉ። በምክክራዊ ዴሞክራሲ አስተሳሰብ የቱ ያስኬዳል?

የሸዋበሯ፦
ምክክራዊ ዴሞክራሲ ውሳኔን የሚያጸናው በእጅ ብዛት ሳይሆን ተነግሮ በተሰማ ምክንያት ነው። ጭብጨባ ደግሞ ምክንያት አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ግን አጀንዳውን ማን ቀረጸው? አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ፈላስፋ አይሪስ ማሪዮን ያንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ያነሳችው ይህንኑ ነው፦ የተዘጋ አጀንዳ ላይ በጨዋነት መቀመጥ ያለቀለትን ውሳኔ ማጽደቅ ሊሆን ይችላል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ሳቢያ ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ ዕቅዱንም አዘገየ፤ ማቋረጥም በር ሊያስከፍት ይችላል ማለት ነው።

ሐረጎ፦
እስማማለሁ፤ ግን ማን ላይ እንደሚያርፍ ይታይ። የሐረጎን ዳገት ብትዘጉ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚወጣ አምቡላንስ ጠመዝማዛው ላይ ይቆማል፤ ከፊቱ ተሳቢ፣ ከኋላው ተሳቢ፣ መዞሪያ የለም። በማግስቱ ከተማው የሚያወራው ስለ ውሃው አይደለም።

አዳራሽ ውስጥ ግን ሌላ ነው። አጀንዳ ሲጸድቅ፣ ከዚያ ሳይዘገይ፣ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «የፈረቃ ሰሌዳው አጀንዳ ይሁን፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር» ይበል። እምቢ ካሉ አንድ ላይ ተነሥታችሁ ውጡ። ሁሌ የሚበላሸው የስም መዝገቡ ላይ ነው፦ በር ላይ የፈረማችሁት ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝና «ተስማምተዋል» ይባልበታል። ስለዚህ አጀንዳው ሳይታወቅ አትፈርሙ። ሁሉም ሰው ከወጣም «አኩርፈው ሄዱ» ተብሎ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰው አዳራሹ ውስጥ ይቅር።

የአራዳው፦
አደባባይ ከወጣችሁ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መብቱን ይሰጣል፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983 አካሄዱን። ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፦ ዓላማው፣ ቦታውና መስመሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ። ይሄ ማሳወቂያ እንጂ ፈቃድ መለመኛ አይደለም። አስተዳደሩ ቦታ ወይም ጊዜ ይቀየር ሊል ይችላል፤ ምክንያቱን ግን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ ጭራሽ አይካሄድ ማለት አይችልም። መዝገብ ቤት ቀሪው ላይ ማኅተም ብቻ ሳይሆን የገባበትን ሰዓት አስጽፉ፤ ሰዓት ከሌለው 12ቱን ከየት ትቆጥሩታላችሁ? ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በ100 ሜትር ውስጥ ካሉ መስመሩን ቀይሩት።

የቦርከና ልጅ፦
አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት እነማን ቢሆኑ ይሻላል?

ሐረጎ፦
ሽማግሌዎቹ፣ ከአንድ ጸሐፊ ወጣት ጋር። ጥያቄው በሁለት ኮፒ ይዘጋጅ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይጻፍበት።