ሳይንቲስት የጻፈው ነገር የገበሬ ልብ ይገባል?

የጮቄ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጮቄ ተራራ ሥር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአካባቢ ጥበቃን ምዕራፍ ልጆቹ ለፈተና ይሸመድዱታል፤ በዚያው ያበቃል። ባለፈው ሳምንት ግን መጽሐፉን ዘግቼ ስለ ሬቸል ካርሰን አወራኋቸው። የባሕር ባዮሎጂ ባለሙያ ነበረች። በ1962 (በፈረንጆቹ) ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የጻፈችው ነገር አለ። ሰዎች ኤልም የተባለውን ዛፍ ከበሽታ ለማዳን ዲዲቲ የተባለ ፀረ ተባይ ረጩ። ቅጠሉ ረገፈ። ቅጠሉን የመሬት ትል በላው። የሞተ ትል ነበር፤ የተረፈው ግን መርዙን ሰውነቱ ውስጥ አከማቸ። ሮቢን የምትባል ወፍ ትሉን ለቀመችና ሞተች።

አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የአያቴ ንቦችም ጤፍ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ነው ያለቁት» አለችኝ። በዚህ ርዕስ ተማሪ ሳልጠይቀው ሲናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እና በአማርኛ፣ ስለራሳችን ቀዬ እንዲህ ብጽፍ ገበሬው ጋ ይደርሳል ትላላችሁ?

ንብ አርቢ ከዳንግላ፦
መምህር፣ ይጻፉ። ግን ፀረ አረምና ፀረ ተባይን እንዳይደባልቁ። ገበሬ አንድ ስህተት ካገኘብዎት ቀሪውንም አያምንዎትም። ፀረ አረሙ የሚያደርቀው መጩንና አደዩን ነው። ንቧ በመስከረም የምትቀስመው ታጣና ቀፎውን ጥላ ትኮበልላለች። ፀረ ተባዩ ግን ራሷን ይገድላል። ጠዋት ቀፎው አፍ ሥር ተከምራ ያገኟታል፤ ምላሷ ወጥቶ። እኔ ጎረቤቶቼን የለመንኩት ንብ ከገባች በኋላ፣ ወደ ማታ እንዲረጩ ነው። እሺ ብለውኛል።

አስናቂ (ባሕር ዳር)፦
መጽሐፍ ብቻውን አያግድም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎቹን ጉዳዩን አጥኑ አላቸው። ያም ሆኖ ዲዲቲ አሜሪካ ውስጥ የታገደው በ1972 (በፈረንጆቹ) ነው። ካርሰን በ1964 ስላረፈች አላየችውም። ስለዚህ ቶሎ ውጤት አትጠብቅ ወንድሜ። ደግሞ አባቴ ማንበብ አይችልም። የመጣ ወረቀት ሁሉ የሚነበብለት በታናሽ እህቴ ነው፤ ሲጥመው «እስቲ ድገሚው» ይላታል። ጆሮ እንዲሰማው አድርገህ ጻፍ።

የጮቄ መምህር፦
የዳንግላው ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ደባልቄው ነበር። ቅዳሜ ከልጅቷ ጋር አያቷ ቤት እንሄዳለን። ቀፎዎቹ ብሳናው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው አሉ። የትኛው መድኃኒት እንደተረጨ፣ ንቦቹ ሞተው ይሁን ኮብልለው እሳቸውን እጠይቃለሁ። ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ የምታነብላቸው እሷ ናት።