የእናታችን አርባ፦ ይደገስ ወይስ ይቅር?

የአዲስ አበባው፦ እናታችን ካረፈች 30 ቀን አለፈ። አርባዋ እየደረሰ ነው፤ ቤታችን ግን አልተስማማም። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ሰንጋ ይታረድ፣ ድንኳን ይተከል፣ ብሩን እልካለሁ ትላለች። እኔ ፍትሐቱና ቅዳሴው ይበቃል ባይ ነኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ልጄ 80 ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሳለች። በአንድ ሳምንት ሁለት ድግስ! እህቴ ብትልክም ቀሪው እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። ይሄ ሁሉ ወጪ የእምነታችን ክፍል ነው ወይስ እኛ የጨመርነው? እውነቱን ንገሩኝ።

የጎንደሯ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ግን ተዝካሩን አታስቀር። አያቴ ስትሞት ልጅ ነበርኩ። የአርባዋ ዕለት የቆሎ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው መጡ፤ ጓሮ ተደርድረው ተቀመጡ። እናቴ እንጀራውን ራሷ እያጠፈች አኩፋዳቸው ውስጥ ትጨምር ነበር። አንደኛው በእኔ ዕድሜ ቢሆን ነው። ገና ሳይቀምስ የአያቴን ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስሟን ጠርቶ “ነፍስ ይማር” አለና መብላት ጀመረ። እስከ ዛሬ ፊቱ አይጠፋኝም። ድንኳኑ ይቅር፤ ማብላቱን ግን አትተው።

የጅዳዋ፦ እታለም፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን እኔን ያገኘኝንም ስሚኝ። የአባቴን ተዝካር ዕዳ ለመክፈል 2 ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በሬው የተገዛው በአራጣ ብድር ነው። ማንም አላስገደደንም፤ “ሰው ምን ይለናል” ነው ጉዱን ያመጣው። እኔ ድግሱንም መቃብሩንም አላየሁም። ማታ ሥራ ስጨርስ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ከልብሴ ስር የደበቅኩትን ማዕተቤን ይዤ “አባታችን ሆይ” እላለሁ። ክርስትና ስነሳ አንገቴ ላይ ሲታሰር አባቴ አቅፎኝ ነበር ይሉኛል። ክሩ ስንቴ ተቀይሯል። አባቴን የማገኘው ግን እዚያ ነው።

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሁለት ነገር እንለይ። ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ናቸው። ሰንጋና ድንኳን ባህል ነው። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት ነው። ጌታ በማቴዎስ 10፥42 አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ይላል። የሰንጋ ግዴታ የለበትም። በሉቃስ 14 ደግሞ ግብዣ ስታደርግ ባለጠጋ ጎረቤቶችህን ሳይሆን ድሆችን ጥራ ይላል። ብዙ ድንኳን ውስጥ የማየው ተቃራኒውን ነው። ሹሙና ባለመኪናው ፊት ለፊት፣ የኔ ቢጤው በር ላይ። ይህ ያመኛል።

ክርስትናውም ያው ነው። ልጅህ በዚያው ዕለት ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ትቆርባለች። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። ልጅህ ገነት እየገባች ነው። ዶሮው ቢቀር ምን ይጎድልባታል?

የሐዋሳው፦ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በቅንነት ልናገር። እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም። ዕብራውያን 9፥27 ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ነው ይላል። ጥምቀትንም አምኖ ለጠየቀ ነው የምንሰጠው። እናቴን በቁሟ ላክብራት ብዬ ስኳሯን በየሳምንቱ እኔው እለካለሁ። ከሞተች በኋላ የምሠራላት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ዲያቆኑ፦ እናትህን መንከባከብህ ደስ ይላል፣ ዕድሜ ይስጣት። በጸሎቱ ግን አንስማማም። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥18፣ ያን ጊዜ አርፎ ነበር ብለን ለምናምነው ለሄኔሲፎሩ፣ በዚያን ቀን ምሕረት እንዲያገኝ ይለምናል። እኛ ፍቅር መቃብር ላይ አይቆምም እንላለን።

የጎንደሯ፦ አሜን።

የአዲስ አበባው፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የቀብሯ ዕለት፣ ለፍትሐቱ ካህኑ “የክርስትና ስሟ ማነው?” ብለው ጠየቁን። አራት ልጆቿ ቆመናል። ማናችንም አናውቀውም። ዕድሜዬን ሙሉ “እማ” ብያታለሁ፤ እግዚአብሔር ፊት የምትጠራበትን ስም ግን ጠይቄያት አላውቅም። ከኋላ አንዲት የዕድር እናት በዱላቸው ተደግፈው “ወለተ ሥላሴ ነች” አሉ። ካህኑም በዚያ ስም ጸለዩላት። በ80 ቀኗ የተሰጣት ስም በ71 ዓመቷ ሸኛት። ያን ቀን ያለቀስኩት ለሞቷ ብቻ አልነበረም።

ይህን ለእህቴ ትናንት በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። ሰንጋው ቀርቷል። ቅዳሴ እናስቀድሳለን፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ለነዳያን ዳቦና ሽሮ ይቀርባል፤ እኔና ሚስቴ ራሳችን እናዘግናለን። የጅዳዋ እህቴ፣ የአባትሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ አብሮ ይጠራል። ዲያቆን፣ አንድ ጥያቄ። ለልጄ የእናቴን ስም ማውጣት ይቻላል?

ዲያቆኑ፦ ክልክል አይደለም። ስሙን የሚያወጡት ግን ካህኑ ናቸው፤ ለንስሐ አባታችሁ ቀደም ብለህ ንገራቸው።

የጅዳዋ፦ ገብረ ሚካኤል ነው ወንድሜ። የአባቴ ስም ገብረ ሚካኤል ነው።