የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የአሉሚኒየም፣ የማግኒዥየምና የቲታኒየም ቅይጦችን ገጽ በኤሌክትሮን ጨረር ማጠንከር

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን። ረቂቁ ላይ 12 ከመቶ ሲሊከን ያለው አሉሚኒየም፣ ኤዜድ 91 የተባለው የማግኒዥየም ቅይጥና 6-4 የተባለው የቲታኒየም ቅይጥ አሉ። ሦስቱን በአንድ ዙር መጨረስ አይታየኝም። የቱ ይቅደም?

የጨረር ቡድን፦ አሉሚኒየሙ። በ577 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል፤ በ25 ኪሎቮልት የተፋጠነ ኤሌክትሮን ደግሞ ወደ 6 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ዘልቆ ይገባል። ከ2 እስከ 5 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) በሚቆይ ፐልስ፣ ማለትም በአጭር የጨረር ምት፣ ከ3 ጁል በሳንቲሜትር ካሬ ጀምረን እስከ 6 እንውጣ፤ በየደረጃው 5፣ 15 እና 25 ጊዜ እንተኩስ። የቀለጠውን ስስ ንብርብር ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን መጥጦ ያረጋዋል፤ ሲሊከኑ ተመልሶ በመርፌ መልክ የሚያድግበት ጊዜ የለውም። የምንፈልገው ጥንካሬ ከዚህ ይመጣል።

የምርመራ ቡድን፦ እንስማማለን፤ ግን ተኩሱ ገጹ ላይ ስለሚተዋቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አንድም መስመር አልተጻፈም። የተተኮሰ ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ የመታው አቧራ ይመስላል፦ መሃሉ የጎደጎደ፣ ዙሪያው ከንፈር ያወጣ። ከገጹ በታች ያለ ቅንጣት ወይም የታፈነ ጋዝ ነው ቅላጩን ወደ ውጭ የሚተፋው። ስለዚህ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ የተጨመቀ ናሙና አንቀበል፤ ውስጡ አየር ይዞ ይመጣል። ፐልሱ ሲደጋገም ብዙው ጉድጓድ ስለሚደፈን በአንድ ተኩስ ብቻ አንፍረድ።

የጥንካሬ መለኪያውም ይታረም። ገጹን በሚወጋው የአልማዝ ጫፍ ላይ ረቂቁ 100 ግራም ጭነት ይላል። ጥንካሬው 100 ቪከርስ (የጥንካሬ መለኪያ) በሆነ ገጽ ላይ ይህ ጭነት 6 ማይክሮን ያህል ስለሚሰምጥ የምንለካው የታችኛውን ብረት ይሆናል። በ10 ግራም ግን 2 ማይክሮን አካባቢ ነው።

የቫኪዩም ቡድን፦ ማግኒዥየሙን አሁን ከፈቀድን መሣሪያውን እናበላሻለን። በተራ የአየር ግፊት የሚፈላው በ1090 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በምንሠራበት ቫኪዩም (አየር አልባ ክፍል) ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይተናል። ትነቱ የኤሌክትሮን መድፉ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ክፍል) ላይ ሲጋገር ከፍተኛ ቮልቴጁ በዚያ ላይ ይዘላል። መከላከያ ጋሻና የተለየ የጽዳት መመሪያ ይኑረው፤ ብናኙ ከውሃ ጋር ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ እርጥብ ጨርቅ አይንካው።

ሦስት ነገር እንጨምር፦ መቆንጠጫው ነሐስ ወይም አሉሚኒየም ይሁን፤ ማግኔት የያዘ ብረት ጨረሩን ያጠማዝዛል። ናሙናውን በሙጫ አንለጥፍ፤ ከምድር ሽቦ ጋር ካልተገናኘ ቻርጅ አጠራቅሞ ጨረሩን ይገፋል። የመመልከቻ መስኮቱ የእርሳስ መስታወት ይሁን፤ ኤክስሬይ አለ።

የጨረር ቡድን፦ ቲታኒየሙም ከማግኒዥየሙ ጋር ይቆይ። ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ የራሱ የጉልበት ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው አንደኛው ዙር አሉሚኒየም ብቻ ነው። ማግኒዥየሙ ጋሻው ተሠርቶ ሲፈተሽ ይገባል፤ የጋሻው ዋጋ በበጀቱ ለብቻው ይቀመጥ። የምርመራ ቡድን የናሙና መቀበያ መስፈርቱን፣ የቫኪዩም ቡድን የመቆንጠጫውን ንድፍ እስከ ዓርብ አድርሱልኝ።