የእሁዱን አሰላለፍ የሚያስረዳኝ ሰው አለ?

አራዳው ከሰሚት፦

ሰላም ጀለሶች። እሁድ ጠዋት ሜዳ የነበራችሁ ሰዎች እስቲ አስረዱኝ፣ እኔ ከሰሚት ድረስ ታክሲ ቀያይሬ መጥቼ ያየሁት ነገር እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል። የሰፈራችን ቡድን 8 ቁጥር ምን ሆኖ ነው? ሜዳው ዳር ጃኬት ለብሶ ውሃ ሲያቀብል አየሁት እኮ! በመጀመሪያው ዙር ኳስ ሁሉ በሱ እግር ነበር የምታልፈው፣ ኮቹ እሱን አስቀምጦ አንበሉን መሃል አሰለፈው። አንበሉን እወደዋለሁ፣ ማንም እንዳይቀየመኝ፣ ግን ሰውየው ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነው የሚጫወተው። ግራ እግሩን ብቻ የሚጠቀመውን ልጅ ደግሞ ቀኝ ተመላላሽ አደረገው። ልጁ መስመሩን ይዞ ይሄድና ክሮስ ማድረግ ሲገባው ይቆማል፣ ኳሷን ወደ ግራው ይመልሳታል፣ እስኪመልሳት ሁለት ሰው ፊቱ ተገትሯል፣ እንደገና ለበረኛ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ኮቹ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

2 ለ 0 እየመራን 2 ለ 2 ወጣን። የመጨረሻዋ ጎል ከኮርና ነው የገባችው፣ ሁለተኛው ቋሚ ጋ የቆመ ሰው አልነበረም፣ ልጁ ብቻውን ነው በጭንቅላት የገጫት። ደሞ የመጀመሪያ ቢሆን ምንም አይደል፣ ከገና ወዲህ እየመራን ነጥብ መጣል ሥራችን ሆኗል። መጀመሪያው ዙር ላይ ከላይ ካሉት ጋር ነበርን፣ አሁን ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው። ኮቹ አይበቃውም ወይ? ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ?

ደጃች ውቤ፦

ምን ያልገባህ ነገር አለ ብሮ፣ ሁላችንም ያየነውን ነው ያየኸው። አሰላለፉ ልምምድ ላይ አይደለም የሚወጣው፣ ከልምምድ በኋላ ማኪያቶ ላይ ነው የሚወጣው። አብሮት የሚቀመጠው ይሰለፋል፣ ተጨቃጫቂው ቤንች። ቅያሪውንስ አይተሃል? አምስት ሰው መቀየር እየቻለ ሁለት ነው የቀየረው፣ ሁለተኛውን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ልጁ ማሊያውን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ሳይጨርስ ፊሽካ ተነፋ ማለት ትችላለህ። ወንበር ላይ ያሉት ታዳጊዎች እኮ ሰፈር ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸው፣ ሲጫወቱ ያያቸው ሰው ያውቃል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ነው ዋንጫ ያነሳው፣ ንግድ ባንክም በ2016 ልክ እንደዛ፣ ከታች መጥቶ ሻምፒዮን። አሰልጣኝ ካለ በአንድ ዓመት ይሆናል። እኛ ጋ ስንት ዓመት ነው ታገሱ የምንባለው?

ኮፍያው፦

ደጃች ውቤ እኛን ከንግድ ባንክ ጋር? ስሙ ራሱ ባንክ እኮ ነው 😂 የኛ ቡድን ባለፈው ኳስ መግዣ አዋጡ ተብሎ ሶስት ሰው ነው ያዋጣው፣ አንተ ከሶስቱ መኖርህን እንጃ።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገራችሁ፣ ልምምድ ስለማይ። 8 ቁጥሩ ቢጫ ካርዱ ሞልቶበት፣ ተቀጥቶ ነው። አራዳው ራስህ ጻፍከው እኮ፣ ጃኬት ለብሶ ነበር አልክ፣ ከሥሩ ማሊያ አልነበረም፣ የተቀያሪዎች ስም ላይም የለም። በፊተኛው ጨዋታ ከዳኛው ጋር ሲከራከር ያያት ቢጫ ናት። ስለዚህ ኮቹን በሱ መክሰስ አይቻልም።

የቀኝ ተመላላሹ ጉዳይ ሌላ ነው። ዋናው ቀኝ ተመላላሻችን የት እንደሚኖር ታውቃላችሁ? ገላን ጉራ፣ ከተማው ዳር። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ለልማት ሲፈርስ ግማሹ ቡድን ተበተነ፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ሲከተል እሱና ሌላም ልጅ ወደዛ ሄዱ። ልምምድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ለምን ብትሉ ሜዳው የትምህርት ቤት ነው፣ ተማሪ ለሰንደቅ ዓላማ ሳይሰለፍ ለቅቀን መውጣት አለብን፣ ዘበኛው አንድ ደቂቃ አይጨምርም፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ጎሉ ጀርባ ይቆማል። ከገላን ጉራ 12 ሰዓት እዚህ ለመድረስ ልጁ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት አለበት፣ በዛ ሰዓት ታክሲ ቢገኝ ቢገኝ ነው፣ ራይድ ልጥራ ቢል የሳምንት ምሳው ነው። ኮቹ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፣ በሳምንት ሁለት ልምምድ ያልመጣ አይሰለፍም። ስለዚህ አሰላለፉን የሚያወጣው ማኪያቶ ሳይሆን ታክሲ ነው። አንበሉ ለምን ሁሌ ይሰለፋል? ቤቱ እሪ በከንቱ በኩል ስላልፈረሰ በእግሩ ይመጣል፣ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

አራዳው ከሰሚት፦

እሺ የ8 ቁጥሩ ገባኝ። ግን ኮፍያው የነገርከኝ ነገር ኮቹን ነጻ አያወጣውም፣ እንዲያውም ያብስበታል። ቡድንህ መበተኑን እያወቅክ፣ ልጆችህ አንዱ ገላን አንዱ አያት አንዱ የካ አባዶ መሆናቸውን እያወቅክ፣ ሰፈሩ በነበረ ጊዜ የወጣን ሕግ ይዘህ ትቀጥላለህ? ያኔ እኮ ልጆቹ ከአልጋ ወርደው ሜዳ ላይ ነበሩ፣ ቱታ ለብሰው ነው የሚተኙት። አሁን ያ የለም። ሕጉ የሚቀጣው ሰነፉን ሳይሆን ሩቅ የተሰደደውን ነው። በቀኝ እግሩ የሚጫወት ተመላላሽ እያለህ ግራ እግረኛ የምታሰልፈው ለሥነ ሥርዓት ብለህ ከሆነ፣ ኮርናው ላይ ሁለተኛውን ቋሚ የሚይዝ ሰው መመደብም ሥነ ሥርዓት ነው!! እሱ ታክሲ አይፈልግም።

ጋሽ ሚስማር ተራ፦

ልጆች እንደምን ናችሁ። ስትጨቃጨቁ ደስ ይለኛል፣ ቡድኑ ገና አልሞተም ማለት ነው።

ስለ ቢጫው አንድ ነገር ልበል፣ እናንተ ቀላል አድርጋችሁ አለፋችሁት። በ2005 ሰኔ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 1 ሲያሸንፍ እዛው ነበርኩ፣ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሰው አብዶ ነበር፣ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ መኪና መንቀሳቀስ አልቻለም። ደስታው ሳይበርድ ፊፋ ምን አለ? ከዛ በፊት ቦትስዋናን ሜዳዋ ላይ ስናሸንፍ ሁለት ቢጫ የነበረበት ተጫዋች አሰልፋችኋል። ሶስት ነጥብ ተነጠቅን። ሰውነት ቢሻው ያን የመሰለ ቡድን ሠርቶ፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ አስገብቶን፣ በአንድ ያልተቆጠረ ካርድ ሊበላሽ ነበር። ደግነቱ ቀጥሎ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን አንደኛ ሆነን ጨረስን እንጂ። እዛ ደረጃ ቢሮና ጸሐፊ እያለ የተረሳ ካርድ፣ የኛ አሰልጣኝ በደብተሩ ብቻውን ቆጥሮ ይዞታል። ደብተሩን አይቼዋለሁ፣ የሒሳብ ደብተር ነው፣ በአንድ በኩል ካርድ በሌላ በኩል ማን ትራንስፖርት እንደተበደረው።

ይሄን ስል ግን የእሁዱን ጨዋታ አልወደድኩትም። 2 ለ 0 ከመራን በኋላ አስሩም ሰው ወደ ኋላ ገባ፣ አጥቂው ብቻውን መሃል ሜዳ ቀረ፣ የምናወጣው ኳስ ሁሉ ተመልሶ መጣ። ይሄ የአሰልጣኝ ጥፋት ነው። አንበሉንም መሃል ማስሮጥ ተገቢ አይደለም፣ ሊቤሮ፣ ከተከላካዮች ጀርባ ነጻ ሆኖ የሚቆመው፣ በነበረበት ዘመን እዛ ባስቀመጥኩት፣ አሁን ግን ቢያንስ ተከላካይ መሃል ይግባና ቆሞ ይምራ።

ደጃች ውቤ፦

ጋሼ ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ እንኳ ተስማማን። ወደ ኋላ መግባቱ ነው የገደለን። ግን ለምን እንደሚገቡ ልንገርህ፣ ኮቹ ነው "ያዙት ያዙት" እያለ የሚጮኸው፣ ከኛ ጋ ይሰማል እኮ። ያዙት ስትለው ልጁ ምን ያድርግ? ትቶ ወደ ጎሉ ይሮጣል።

8 ቁጥሩ ቢጫ ነው ካላችሁ እሺ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ ላይ እናያለን። ያኔ ካልገባ ደግሞ ምን ልትሉ ነው?

ግራ እግሩ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሁሌ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። የቀኝ ተመላላሽ ሆኖ የገባው ልጅ ወንድም ነኝ፣ ስሙን ስላልጠራችሁት አመሰግናለሁ። እሱ ራሱ አልፈለገም፣ "ኮች እኔ እዛ ጋ ዓይነ ስውር ነኝ" ብሎታል። ኮቹ ደግሞ መልሶ "አውቃለሁ፣ ሌላ ሰው ካለህ አምጣልኝ" ነው ያለው። ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ ላይ የነበረው አስራ ሶስት ሰው ነው፣ ሁለቱ በረኛ። ከዛ ውስጥ አስራ አንድ ምረጡ ብትባሉ እናንተስ ማንን ታወጣላችሁ? ለምን አምስት አልቀየረም ስትሉ ደግሞ፣ ወንበር ላይ ከነበሩት አንዱ ጉልበቱ ታስሮ ነበር፣ ቁጥር እንዲሞላ ነው የተቀመጠው።

መጨረሻ ላይ ጎል የሚገባብን ታክቲክ ብቻ አይመስለኝም። እሁድም ጨዋታው ጠዋት ነው፣ ከሩቅ የሚመጡት በሌሊት ተነስተው ቁርስ ሳይበሉ ነው ሜዳ የሚገቡት፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግራቸው ያልቃል። ወንድሜ ሙዝ ይዞ ይሄዳል፣ ሌሎቹ እሱንም የላቸውም።

አራዳው ከሰሚት፦

ግራ እግሩ ለወንድምህ ሰላም በልልኝ፣ እሱ ላይ ምንም የለኝም፣ በግራ ቢሰለፍ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ የመጀመሪያዋን ጎል ያቀበለውም ሳት ብሎት ወደ ግራ ሲሻገር ነው።

ግን አስራ ሶስት ሰው ከሆነ የሚመጣው ሕጉ ይነሳ ነው የምለው አሁንም። ሁለት ልምምድ የሚለው ለገላንና ለአያት ልጆች አንድ ይሁን፣ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ይሠሩ፣ ሜዳ ከጠፋ ሰሚት አካባቢ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ፣ አቧራ ነው ግን ይሆናል። ይሄን ካላደረገ የኔ አቋም ያው ነው፣ ሰኔ ላይ ሌላ ሰው ይፈለግ።

ኮፍያው፦

ሰኔ ላይ ማንን ነው የምታመጣው? በነጻ የሚሠራ አሰልጣኝ ተሰልፎ የሚጠብቅህ መሰለህ? ሰውየው ማታ ሥራ ላይ ነው፣ ቅዳሜም ይሠራል፣ ከሥራ ወጥቶ ሳይተኛ ነው 12 ሰዓት ላይ ሜዳ የሚቆመው፣ ለዛ ነው እጁን አጣጥፎ የምታየው፣ ደክሞት ነው እንጂ ንቆህ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ያልከውን ግን እነግረዋለሁ፣ ምናልባት ረዳቱ ሊያሠራቸው ይችላል።

አሁን የሚሆነውን እናውራ። በገላን በኩል የሚመጣ መኪና ያለው ሰው አለ? ለሶስት ልጆች ብቻ ነው፣ ሌሊት 11 ላይ ቃሊቲ ቶታል ጋ ይጠብቃሉ። ነዳጁን ከዚህ አዋጥተን እንሸፍናለን።

ጋሽ ሚስማር ተራ፦

የእኔ ልጅ ሚኒባስ አለው፣ ሥራ የሚጀምረው ከቃሊቲ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ይችላል፣ ጠይቄው ነው። ለነዳጅ ሳይሆን ያጣው ቢያጆ እንዲካካስለት ሰባት ስምንት መቶ ብር ብታዋጡ በቂ ነው፣ ደጃች ውቤ በአንተ እንጀምር።

ደጃች ውቤ፦

ጋሼ በእኔ? 😅 እሺ ላኩልኝ ቁጥሩን፣ ግን ቀኝ ተመላላሹ መጥቶ ግራ እግረኛው ልጅ እዛው ቀኝ ላይ ከተሰለፈ ብሬን አስመልሳለሁ።